ቧንቧም ስሙ ይጻፍበት

ከአዲስ ዘመን ከተማ በላይ፣ በጥንታዊው ደን መካከል ወደሚገኘው ወደ ጣራ ገዳም ወጥቶ፣ ወይም በአገራችን ካሉት ብዙ አድባራት ወደ አንዱ ገብቶ የብራና መጽሐፍ ሲገለጥ የተመለከተ ሰው፣ ግእዝ ባያውቅ እንኳ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ይኸውም ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ሲሄድ ቆይቶ በየመካከሉ በቀይ ቀለም የተጻፈ ስም ብቅ ማለቱ ነው። ቀዩ ቀለም ለአምላክ፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም የተለየ ነው። ጸሐፊው ቀዩን ቀለም ሲያነሣ አንባቢውን «እዚህ ላይ አስተውል፤ ይህ እንደ ሌላው ቃል አይደለም» ማለቱ ነው። ነገር ግን ጸሐፊው ቀለሙን ብቻ ቀብቶ ስሙን ሳይጽፍ ቢተው ኖሮ፣ አንባቢው ቅዱስ ስም መሆኑን እንጂ የማን ስም እንደ ሆነ ለማወቅ ባልቻለም ነበር። ቀለሙ ዐይንን ይጠራል፤ ፊደሉ ለልቡና ይናገራል። አባቶቻችንም ሁለቱን አንድ ላይ አድርገዋቸዋል።

ዛሬ ለአንባብያን ላቀርበው የፈለግሁት ሐሳብ ከዚህ የራቀ አይደለም። በፋብሪካዎች፣ በወፍጮ ቤቶች፣ በሆስፒታሎችና በውሃ ማጣሪያ ጣቢያዎች ውስጥ የሚገኙት ቧንቧዎች፣ በርሜሎችና መሣሪያዎች በቀለም እንዲለዩ፣ ከቀለሙም ጋራ ስማቸው በአማርኛ እንዲጻፍባቸው ያስፈልጋል የሚል ነው። ከሁለቱ አንዱ ብቻውን አይበቃም።

«በእኛ አካባቢ ይህን የሚያህል ፋብሪካ የት አለና?» የሚል አንባቢ አይታጣ ይሆናል። ለዚህ የምሰጠው መልስ አጭር ነው። ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ራቅ ብላ በምትገኘው በጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓና የኢትዮጵያ ሠራተኞችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ በ1859 ዓ.ም. ካሠሩበት ጊዜ ጀምሮ፣ እሳትና ብረት ለዚህ ደጋ እንግዳ አይደሉም። ዛሬም በፎገራ ሜዳ የሚመረተው ሩዝ በወረታ ከተማ ባሉት መፈልፈያዎች ይፈለፈላል። በየከተማው የእህል ወፍጮና ዳቦ ቤት አለ። በሆስፒታሎቻችን መሣሪያ በእንፋሎት ይመከናል፤ ለሕሙማን የሚሰጠው ኦክስጅን በሲሊንደር ተሞልቶ ይመጣል፤ አንሶላው በሙቅ ውሃና በበረኪና ይታጠባል። የከተሞቻችን የመጠጥ ውሃ በክሎሪን ይታከማል። እንፋሎት፣ ክሎሪን፣ ኦክስጅንና ኤሌክትሪክ ባሉበት ቦታ ሁሉ የፋብሪካ አደጋ አለ። ቤቱ ትንሽ በመሆኑ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ አይጠብቀንም።

በዚህ ጉዳይ ላይ እንድጽፍ ያነሣሣኝን ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ባሕር ማዶ ትምህርቴን ፈጽሜ ወደ አገሬ በተመለስሁበት በመጀመሪያው ዓመት፣ ስሙንና ቦታውን መጥቀስ በማያስፈልገኝ በአንድ የሥራ ቦታ የደረሰ አደጋ እንድመለከት ተጠርቼ ነበር። በዚያ ቤት በክፍሉ መካከል ጎን ለጎን የሚያልፉ አራት ቧንቧዎች ነበሩ። አራቱም አንድ ዐይነት ውፍረት ያላቸው፣ አራቱም አንድ ዐይነት ግራጫ ቀለም የተቀቡ ናቸው። በአንዱ ቀዝቃዛ ውሃ፣ በአንዱ ሙቅ ውሃ፣ በአንዱ እንፋሎት ይሄዳል፤ አራተኛው ከብዙ ጊዜ በፊት ሥራ ያቆመ ነው። የጥገናው ኀላፊ ከቧንቧዎቹ ወዲያ ማዶ ቆሞ «ከቀኝ ሁለተኛውን ፍታው፤ እርሱ የቀዝቃዛው ውሃ ነው» ብሎ አዘዘ። ሥራ ከጀመረ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ የነበረው ወጣትም ከራሱ ቀኝ ቆጥሮ ሁለተኛውን ፈታ። የኀላፊው ቀኝ ግን የወጣቱ ግራ ነበር። የፈታው የእንፋሎቱን ቧንቧ ነው።

እኔ ስደርስ የወጣቱ ቆዳ ከእጁ አንጓ እስከ ክርኑ ድረስ፣ በአንገቱም በአንድ ወገን ተልጦ አገኘሁት። ቁስሉን ስናክምለት «ዶክተር፣ ከቀኝ ሁለተኛው ተብዬ ነው እኮ» እያለ ደጋግሞ ይነግረኝ ነበር። ሥቃዩ ሳይበቃው ጥፋተኛ እንዳይባል መፍራቱ ነው። ፍርሀቱም ከንቱ አልነበረም። በአደጋው መመዝገቢያ ወረቀት ላይ የአደጋው ምክንያት «የሠራተኛው ጥንቃቄ ጉድለት» ተብሎ ተጽፎ ቀረበልኝ፤ እኔም ፈረምሁበት። ያን ጊዜ ሌላ የምጽፈው ምክንያት አልታየኝም። ዛሬ ግን ያን ፊርማዬን ለመመለስ ብችል ደስታዬ ነበር። ወጣቱ የታዘዘውን ፈጽሟል፤ ኀላፊውም የሚያውቀውን ተናግሯል። ጉድለቱ በሁለቱ መካከል የተዘረጉት ቧንቧዎች ስም የሌላቸው መሆናቸው ነበር።

ፋብሪካ በበዛባቸው አገሮች ይህ ችግር ከታወቀ ቆይቷል። አሜሪካኖች የቧንቧ መለያ ደንብ በመጀመሪያ ያወጡት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1928 ሲሆን፣ ከዚያም ወዲህ ብዙ ጊዜ አሻሽለውታል። በ2007 በተሻሻለው ደንባቸው መሠረት ቀይ ቀለም ከነጭ ጽሑፍ ጋራ ለእሳት ማጥፊያ፤ ብርቱካናማ ከጥቁር ጽሑፍ ጋራ ለመርዛማና አካልን ለሚበላ ፈሳሽ፤ ቢጫ ከጥቁር ጽሑፍ ጋራ በቀላሉ ለሚቀጣጠል ነገር፤ አረንጓዴ ከነጭ ጽሑፍ ጋራ ለውሃ፤ ሰማያዊ ከነጭ ጽሑፍ ጋራ ለታመቀ አየር እንዲሆን ተወስኗል። እንግሊዞችም በበኩላቸው አረንጓዴን ለውሃ፣ ብርማ ግራጫን ለእንፋሎት፣ ቡናማን ለዘይት፣ ሐምራዊን ለአሲድና ለአልካሊ፣ ፈዛዛ ሰማያዊን ለአየር፣ ብርቱካናማን ለኤሌክትሪክ መስመር መድበዋል።

አንባቢ ሆይ፣ ስለ ብርቱካናማው ቀለም የተባለውን መለስ ብለህ አስተውል። አንዱ አገር «አካልን የሚበላ ፈሳሽ አለብኝ» የሚልበትን ቀለም ሌላው አገር «ኤሌክትሪክ አለብኝ» ይልበታል። አንዱ በሚያፈስ ቧንቧ ላይ ውሃ እንዲለቀቅ ሊያስፈልግ ይችል ይሆናል፤ በሌላው ላይ ግን ውሃ ማፍሰስ ሞትን መጥራት ነው።

እንዲህ ያለው ልዩነት በቧንቧ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በሕንፃ ውስጥ በሚዘረጋው ቋሚ የኤሌክትሪክ መስመር ጥቁሩ ሽቦ ለብዙ ዘመን ኑትራል ነበረ። በ2004 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ደንቡ ከሌሎቹ የአውሮፓ አገሮች ጋራ እንዲስማማ ሲለወጥ ግን፣ በሦስት ፌዝ መስመር ውስጥ ጥቁሩ ሽቦ ኀይል ከሚሸከሙት አንዱ ሆነ። አሮጌውንና አዲሱን መስመር በአንድ ቤት ያገኘ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቀለሙን ብቻ አምኖ እጁን ቢሰድ ምን እንደሚደርስበት መገመት አያዳግትም። የኦክስጅን ሲሊንደርም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ አረንጓዴ፣ በዓለም አቀፉ ደንብ ግን ነጭ ቀለም ነው።

ታዲያ የእኛ አገር መሣሪያዎች ከየት ይመጣሉ? ከሁሉም አገር ይመጣሉ። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1950ዎቹ የተቋቋመው ከኢጣልያ በተገኘ የጦር ካሣ ነው። ከዚያ ወዲህም ከጀርመን፣ ከሕንድ፣ ከቱርክ፣ ከቻይናና ከሌሎችም አገሮች ብዙ መሣሪያ ገብቷል። እያንዳንዱም መሣሪያ የአገሩን ቀለምና የአገሩን ቋንቋ ይዞ ይመጣል። በአንድ ጣራ ሥር ሦስት አገሮች በሦስት ቋንቋ ሲናገሩ፣ በመካከላቸው የቆመው የእስቴ ወይም የፋርጣ ልጅ የማንን ቋንቋ ይስማ?

ቀለም ብቻውን የማይበቃበት ሁለተኛ ምክንያት አለ። ቀለም ወገንን እንጂ ራሱን ነገሩን አይነግርም። ከላይ በጠቀስሁት የአሜሪካ ደንብ አረንጓዴ ቀለም ለመጠጥ ውሃም፣ ለማቀዝቀዣ ውሃም፣ ወደ እንፋሎት ማሞቂያ ጋን ለሚገባውም ውሃ ነው። እንግሊዞች ይህን አይተው በመጠጥ ውሃ ቧንቧ አረንጓዴ ላይ ሰማያዊ ቀለበት እንዲጨመር አድርገዋል። የማሞቂያ ጋን ውሃ ዝገትና ጥርቅም እንዳይዝ ልዩ ልዩ መድኀኒት ይጨመርበታል። የማቀዝቀዣ ውሃም ሲዞር የሚውል በመሆኑ ለጥርስና ለሆድ የሚሆን አይደለም። እንግዲህ አረንጓዴ ቧንቧ አይቶ አፉን የደቀነ ሠራተኛ የሚጠጣውን የሚያውቀው በቀለሙ ሳይሆን በላዩ በተጻፈው ስም ነው። ለእኛ ለጤና ሠራተኞች ደግሞ ከሁሉ የሚያሳስበን ይኸው ነው፤ ጥሬው ውሃና የታከመው ውሃ በስሕተት በአንድ መገጣጠሚያ ከተገናኙ፣ አንድ ሠራተኛ የሠራው ስሕተት ለመንደሩ ሁሉ ተቅማጥ ሆኖ ይደርሳል።

ስም ያልተለየበት ቧንቧ ምን እንደሚያደርስ የሚያስረዳ ታሪክ ከሩቅ አገር ልጥቀስ። በአሜሪካ፣ በካንሳስ፣ አቺሰን በምትባል ከተማ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ ጥቅምት 11 ቀን 2009 ዓ.ም. አንድ የጭነት መኪና ሰልፈሪክ አሲድ ይዞ መጣ። የአሲዱና የሶዲየም ሃይፖክሎራይቱ መሙያ አፎች ተቀራራቢና ተመሳሳይ ነበሩ፤ ምልክታቸውም በቂ አልነበረም። አሲዱ በስሕተት ወደ ሃይፖክሎራይቱ ጋን ተገለበጠ። ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ የክሎሪን ጋዝ ደመና ተነሥቶ በከተማይቱ ላይ ተዘረጋ። በሺህ የሚቈጠሩ ነዋሪዎች ከቤታቸው እንዳይወጡ ወይም አካባቢውን ለቀው እንዲሄዱ ታዘዙ፤ 140 ያህል ሰዎችም የሕክምና ርዳታ ፈለጉ። ያ ሁሉ የሆነው ብዙ የተማረ ሰውና ብዙ ሀብት ባለበት አገር ነው። ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሚባለውም ሌላ አይደለም፤ በየሆስፒታላችን ልብስ ማጠቢያና በየቤታችን ጓዳ ያለው በረኪና ነው። በረኪናን ከአሲድ መጸዳጃ ጋራ የሚቀላቅል ሰው በትንሽ ክፍል ውስጥ ያንኑ ጋዝ ይሠራል። ስለዚህ የበረኪና በርሜል ስም ሳይጻፍበት በየትም ቦታ መቀመጥ የለበትም፤ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ መቅዳትማ ፈጽሞ መቅረት አለበት።

አሁን ደግሞ ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ወገኖች የሚያቀርቡትን ነገር ልመልከት።

አንዳንዶቹ «የእኛ ሠራተኛ ቤቱን በልቡ ያውቀዋል፤ ጽሑፍ አያስፈልገውም» ይላሉ። በእርግጥ ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ቧንቧውን በድምፁና በሙቀቱ ይለየዋል። ነገር ግን ይህ ሰው ይታመማል፣ ለቅሶ ይሄዳል፣ ጡረታ ይወጣል። እሳት በተነሣ ሌሊት የሚደርሰው ጥበቃው ወይም ጎረቤቱ ነው። ዕውቀት በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ብቻ ከተቀመጠ፣ ያ ሰው በሌለበት ቀን ቤቱ ሁሉ ደንቆሮ ይሆናል።

ሌሎቹ «ማንበብ የማይችል ሠራተኛ አለን፤ ጽሑፉ ምን ይጠቅመዋል?» ይላሉ። ቀለሙ ያስፈለገው ስለዚህ ነው። ማንበብ የማይችለውን ቀለሙ ያስቆመዋል፤ ቆሞም ማንበብ የሚችለውን ይጠይቃል። በአንጻሩ ደግሞ ማንበብ እየቻሉ ቀለም የማይለዩ አሉ። ከእናት በሚወረስ ጠባይ ምክንያት ቀይንና አረንጓዴን ለይተው የማያዩ ወንዶች በየሕዝቡ ይገኛሉ፤ ከሰሜን አውሮፓ ዘር ከሆኑት ወንዶች መካከል ከ100 ሰዎች 8 ያህሉ እንዲህ ናቸው። ብዙዎቹም ይህን ሳያውቁ ይኖራሉ። ለእነርሱ የሚደርስላቸው ፊደሉ ነው። ስለዚህ ቀለምና ጽሑፍ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላሉ።

ሦስተኞቹ «ወጪው ይበዛል» ይላሉ። ይህ ቧንቧውን ከዳር እስከ ዳር መቀባት ያስፈልጋል ከማለት የመጣ ስሕተት ነው። በመክፈቻና መዝጊያው አጠገብ፣ ቧንቧው በሚከፈልበት ቦታ፣ ግድግዳ ሰንጥቆ በሚገባበትና በሚወጣበት ወገን፣ መሥመሩም ረጅም ሲሆን በየመካከሉ ቀለበት መቀባት ይበቃል። ለአንድ መካከለኛ ቤት ጥቂት ቆርቆሮ ቀለምና የአንድ ሳምንት ሥራ ይበቃዋል። አንድ የተቃጠለ ሰው በሆስፒታል የሚተኛበት ጊዜ ግን በሳምንት የሚያልቅ አይደለም።

ደግሞም ነገሩ ለአገራችን አዲስ አለመሆኑን እናስታውስ። በጤና ድርጅቶቻችን ተላላፊ ቆሻሻ በቢጫ፣ ተራ ቆሻሻ በጥቁር ማጠራቀሚያ፣ መርፌና ስለት ደግሞ ለብቻው በማይበሳ ሳጥን እንዲጣል የሚያዝዝ መመሪያ አለ። ፊደል ያልቈጠሩ የጽዳት ሠራተኞች ሳይቀሩ ይህን ተምረው ይሠሩበታል። በቆሻሻ የተቻለው በቧንቧ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ ለባለ ፋብሪካዎች፣ ለወፍጮ ባለቤቶች፣ ለሆስፒታልና ለውሃ አገልግሎት ኀላፊዎች የሚከተለውን አሳስባለሁ።

1ኛ/ አንድ የቀለም ዝርዝር ምረጡ። የመረጣችሁት የማንም አገር ደንብ ቢሆን፣ በቤታችሁ ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ይሁን። ዝርዝሩንም በአማርኛ አሳትማችሁ በመግቢያው ግድግዳ ላይ ስቀሉት።

2ኛ/ በእያንዳንዱ ቀለበት ላይ የሚሄደውን ነገር ስም በጉልህ ፊደል ጻፉ፤ «የመጠጥ ውሃ»፣ «እንፋሎት»፣ «ጥሬ ውሃ»፣ «ክሎሪን» ተብሎ ይጻፍ። በአጭር ምልክት ብቻ አትተዉት።

3ኛ/ ፈሳሹ የሚሄድበትን አቅጣጫ በቀስት አመልክቱ። «ከቀኝ ሁለተኛው» የሚል ትእዛዝ ይቅር፤ ትእዛዝ ሁሉ በስም ይሁን።

4ኛ/ ሥራ ያቆመውን ቧንቧ ንቀሉት፤ መንቀል ባይቻል ጫፉን ደፍናችሁ «ሥራ ያቆመ» ብላችሁ ጻፉበት።

5ኛ/ የማቆሚያውን ቍልፍ ቀይ አድርጉት። የሚሽከረከረውን ጥርስና ቀበቶ በመከለያ ሸፍኑ፤ መከለያው ሲነሣ እንዲታወቅ ውስጡን በደማቅ ቀለም ቅቡት። ቀለሙ ግን በመከለያው ፋንታ የቆመ እንዳይመስላችሁ።

6ኛ/ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ቀለሙንና ጽሑፉን አድሱ። ጥላሸት የሸፈነው ስም እንዳልተጻፈ ይቈጠራል። ቧንቧ በተቀየረ ቀንም ስሙ አብሮ ይቀየር፤ ሐሰተኛ ስም ከስም አልባነት የከፋ ነውና።

ከዚህ ጋራ አንድ ነገር መጨመር ይገባኛል። ስሕተቱ ነፍስ የሚያጠፋ በሆነበት ቦታ በቀለምና በስም ብቻ መተማመን አይገባም። ለሕሙማን የሚሰጠው የኦክስጅን ሲሊንደር መግጠሚያ ከሌላው ጋዝ መግጠሚያ በቅርጹ የተለየ ተደርጎ የሚሠራው፣ የደከመው እጅ ለመሳሳት ቢፈልግ እንኳ እንዳይችል ነው። የአሲዱና የበረኪናው መሙያ አፎችም እንዲሁ ቅርጻቸው ይለያይ፤ ቍልፋቸውም በየራሱ ሰው እጅ ይሁን።

የአገራችን ሕግም ከዚህ ሐሳብ ጋራ ይስማማል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኞቹን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ የሚያስፈልገውን እንዲያደርግ፣ ሥራው ስለሚያስከትለው አደጋም እንዲያስተምር ያስገድዳል። ይሁንና ሕጉን የሚያስፈጽም ተቈጣጣሪ በየቀኑ በየወፍጮ ቤቱ ሊገኝ አይችልም። በየቀኑ የሚገኘው ባለቤቱ ነው።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ያነበበ ኀላፊ ሁሉ ነገ ጧት አንድ ፈተና እንዲያደርግ እለምነዋለሁ። በቤቱ ካሉት ሠራተኞች ሁሉ መጨረሻ የተቀጠረውን ልጅ ይጥራና አብረው ይዙሩ። በየቧንቧው አጠገብ ቆሞም «በዚህ ውስጥ የሚሄደው ምንድን ነው? ወዴትስ ይሄዳል?» ብሎ ይጠይቀው። ልጁ መልስ ያጣበትን ቦታ ሁሉ በጠመኔ ምልክት ያድርግበት። ጠመኔው ያረፈበት ቦታ ሁሉ ቀለምና ስም የሚጠብቅ ቦታ ነው። ልጁንም አይቈጣው፤ ያልተጻፈን ነገር አላነበብህም ተብሎ ሰው አይወቀስም።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። እኔም ከእንግዲህ እንዲህ ያለ አደጋ እንድመረምር ብጠራ፣ የሰውየውን ቁስል ከማየቴ ቀጥሎ የማየው ቧንቧውን ነው። ስም ከሌለው፣ በመዝገቡ ላይ የማሰፍረው የሠራተኛውን ጥፋት አይሆንም።